ልኩ 75 ነበር፦ ስለ ካራቫኗ አልጋ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ፦ ለእንጨትና ብረት ሥራ ድርጅቱ ባለቤት
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ከሰጠነው ልክ ውጭ ስለተሠራው የካራቫን አልጋ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ መጥቼ አላገኘሁዎትም። ስልክም ደወልኩ፣ አይነሳም። ስለዚህ ጻፍኩ። እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም፤ ፊት ለፊት ብንገናኝ ድምፄ ከፍ ይል ነበር።

ላስታውስዎት። የካቲት መጨረሻ ላይ በፒካፕ አንዲት ትንሽ ነጭ ካራቫን፣ መኝታና ምድጃ ያላትን ተጎታች ቤት፣ ጎትቼ የመጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሥራ አቁመው ከበዋት ነበር። እርስዎም ወጥተው በሩን ከፈቱ፣ ጎንበስ ብለው ውስጧን አዩና «ይቺማ ሁለት ሳምንት አይፈጅባትም» አሉኝ። አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ አባቴ ናቸው። አልጋው የተሠራው ለእሳቸው ነው።

አባቴ 77 ዓመታቸው ነው። በ1961 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በቀያሽነት ሠርተዋል። ግማሽ ዕድሜያቸውን የኖሩት በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነው። ይቺን ካራቫን ከአንድ ሥራውን ጨርሶ ከሚሄድ ሰው ስገዛ ዋናው ሐሳቤ፣ እግራቸው ሳይከዳቸው የሠሩባቸውን መንገዶች መልሼ ላሳያቸው ነበር።

ችግሩ የነበረው አልጋው ላይ ነው። በካራቫኗ የኋላ ክፍል ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተገጥመዋል፣ በመሃላቸው ጠረጴዛ አለ። ማታ የጠረጴዛው እግር ይነቀላል። ገበታው ዝቅ ብሎ በወንበሮቹ ጫፍና ግድግዳው ላይ በተመታችው ጣውላ ላይ ያርፋል። ከዚያ የወንበሮቹ ስፖንጆች ይደረደሩና ሰፊ የሁለት ሰው አልጋ ይሆናል። ለወጣት ባልና ሚስት ግሩም ነው። ለአባቴ ግን አልሆነም። አልጋው መተላለፊያውን ጭምር ይሞላል፤ ለመተኛት በጉልበት ድሆ መግባት ያስፈልጋል። እሳቸው ደግሞ ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳሉ። እኔ የምተኛው ከፊት ባለችው ጠባብ መኝታ ላይ ነው። በተነሱ ቁጥር እየተነሳሁ ክንዳቸውን እይዝ ነበር።

የጠየቅናችሁ ከባድ ነገር አልነበረም። የሁለት ሰው መኝታው ይቅር። ሁለቱን ወንበሮች በግድግዳው በኩል የሚያገናኝ የአንድ ሰው አልጋ ይሠራ። መሃሉ ይነሳ፣ ቀን ቀን ወንበሮቹ መቀመጫ ይሁኑ። ከወንበሮቹ ሥር ያሉት ሳጥኖች እንደ ድሯቸው ይከፈቱ፣ ምክንያቱም አንደኛው ውስጥ ባትሪው፣ ሌላኛው ውስጥ የውሃው ፓምፕ አለ። አባቴ ይህንን ሁሉ በእጃቸው ነድፈው ልኩን ጽፈው ሰጧችሁ። ርዝመት 190 ሳንቲም። ወርድ 75። ከፍታ ከነስፖንጁ 48። 75ቷን ሁለት ጊዜ አስምረውባታል። ፎርማናችሁ ወረቀቱን ተቀብሎ ከመጋዙ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሲሰቅለው ሁለታችንም አይተናል። ባለፈው ሳምንት ስመጣም እዚያው ተሰቅሎ ነበር።

የተረከብነው አልጋ ወርዱ 60 ሳንቲም ተኩል ነው።

ይቺ 60 ተኩል ከየት መጣች ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሜትሩ ተሳስቶ እንዳልል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ናት። አባቴ ናቸው የደረሱበት። አንድ ሙሉ ችፕውድ (የእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የሚሠራው ገበታ) ወርዱ 1 ሜትር ከ22 ነው። ለሁለት ሲሰነጠቅ 61 ይሆናል። መጋዙ የሚበላው ሲቀነስ 60 ተኩል። በ75 ቢቆረጥ ኖሮ የሚተርፈው 47 ሳንቲም ለሌላ አልጋ አይሆንም። መሃል ለመሃል ሲሰነጠቅ ግን ሌላኛው ግማሽ ለሌላ ሥራ ይውላል። እኛ የሰጠናችሁ የሰው ልክ ነው። የተሠራልን በችፕውዱ ልክ ነው። ቅሬታዬ በሙሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ፎርማናችሁን ስጠይቀው «አንድ ሰው አይደል እንዴ የሚተኛው? ይበቃል» አለኝ። አይበቃም። ቤት ውስጥ የምንተኛበት የአንድ ሰው አልጋ 90 ሳንቲም ነው። እኛ ወደ 75 የወረድነው መተላለፊያው እንዳይጠብ ብለን ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ እንደማይቻል አባቴ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምረው፣ ተኝተውበት፣ ተገላብጠው አረጋግጠዋል። በ60 ላይ በጀርባቸው ሲተኙ አንድ እጃቸው ወደ መተላለፊያው ይንጠለጠላል። በጎን ሲዞሩ ጉልበታቸው ይወጣል። ሰው ደግሞ ሲተኛ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ አያድርም።

ከፍታውም እንዲሁ። ሳጥኖቹ ራሳቸው 38 ሳንቲም ናቸው። 10 ሳንቲም ስፖንጅ ሲጨመር 48፣ ልክ የአባቴ ጉልበት ይሆናል። እናንተ ግን በሳጥኖቹ ላይ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) ደርባችሁ፣ በሞራሌው ላይ ችፕውድ፣ በችፕውዱ ላይ ስፖንጅ። 58 ሆነ። አባቴ ጫፉ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለሉን አይነካም። በእኩለ ሌሊት፣ በጨለማ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወለሉን በጣቱ እየፈለገ እንዲነሳ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ሞራሌው «ለጥንካሬ» ነው ተባልኩ። ማን ጠየቀ? የነበሩት ሳጥኖች አርባ ዓመት ሰው ተሸክመዋል።

ጥንካሬ የሚያስፈልገው መሃሉ ላይ ነበር። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ክፍተት 73 ሳንቲም ነው። ድሮ የጠረጴዛው ገበታ ያርፍባት የነበረችው የግድግዳ ጣውላ ክብደቱን ትይዝ ነበር። እሷን ነቀላችኋት። በምትኳ ከችፕውዱ ጠርዝ ሥር ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በአጫጭር ብሎን ተመቱና መሃለኛው ቁራጭ በእነሱ ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ እግር የለውም። ችፕውድ በጠርዙ በኩል ብሎን አይይዝም፣ ይፈረፈራል። ቤት ውስጥ ለቆመ ቁም ሣጥን ምናልባት ይሆን ይሆናል። ካራቫን ግን ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ቤት ነው። ብሎኑ በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል።

የሆነውም ይኸው ነው። ሚያዝያ 25 ቀን ከሐዋሳ ተነስተን በሻሸመኔ አድርገን ወደ አርባ ምንጭ ጉዞ ጀመርን። አባቴ እዚያ አብሯቸው ቀያሽ የነበረ ጓደኛ አላቸው፣ ከታመመ ከራርሟል። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሏቸው ነበር። ይሄን ድልድይ ማን እንደለካው፣ የትኛው ኮረብታ ሥር ካምፕ እንደነበረ ይነግሩኛል። ሀላባ ቁሊቶ ስንደርስ መሸ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ፈቃድ ጠይቀን አቆምን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ጩኸት ሰምቼ ነቃሁ። መሃለኛው ቁራጭ ወልቆ አባቴ በወገባቸው በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ገብተዋል። እግራቸው በአንዱ በኩል፣ ጭንቅላታቸው በሌላው በኩል። የካራቫኗ መብራት ከሳጥኑ ባትሪ ስለሆነ ሽቦው ተነቅሎ ጠፍቷል። በስልኬ መብራት ነው ያወጣኋቸው። ባትሪውን እንዳላየው ሳጥኑ አይከፈትም፤ ክዳኖቹን በሚስማር መትታችኋቸዋል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንት አልተሰበረም። ክርናቸው ተልጦ ወገባቸው በለዘ። እስኪነጋ ድረስ ፒካፑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ። ሲነጋ ምንም ሳይናገሩ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አልጋውን ለኩ። ከዚያ «ወረቀቱን አላዩትም እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። ወደ አርባ ምንጭ መቀጠል አልቻልንም፣ ተመለስን። ጓደኛቸውን እስካሁን አላዩትም።

አሁን ከሁሉ የባሰውን ልንገርዎ። ይህንን በተለይ እርስዎ ራስዎ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ካራቫኗ ውስጥ የጋዝ ምድጃ አለ። ከምድጃው ቁም ሣጥን ሥርና ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል፣ በወንፊት የተሸፈነች አንዳንድ ቀዳዳ ነበረች። እነዚያ ቀዳዳዎች ሥራ አላቸው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈተልክ ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም፤ ወደ ታች ይወርድና ወለሉ ላይ ይተኛል። በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ ተብሎ ነው ፋብሪካው የበሳቸው። የእናንተ ሠራተኞች አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲያነጥፉ ሁለቱንም በሲልከን ደፈኗቸው። ስጠይቅ «አቧራ እንዳይገባ ብለን ነው» አሉኝ። በቅን ልቦና እንዳደረጉት አምናለሁ። ግን ያቺ ቱቦ አንድ ሌሊት ብታፈተልክ፣ ጋዙ የሚጠራቀመው አባቴ በተኙበት አልጋ ሥር ነበር። የባትሪው ሽቦ ተነቅሎ ብልጭታ የሚፈጥረውም እዚያው ነው። ያንን ሌሊት ሳስበው አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል። ሀላባ ላይ ጠዋት ዕቃውን ሁሉ አውጥተን ስንፈትሽ አይተን፣ አባቴ በቢላዋ ቆርጠው ከፈቷቸው።

እናንተ ጋ ሌሎች ሰዎችም የምግብ መሸጫ ጋሪና ተሳቢ ያሠራሉ። እዚህ ሐይቅ ዳር ብቻ ስንት የጋዝ ምድጃ ያለው ጋሪ እንዳለ እርስዎም ያያሉ። እባክዎ የወለል ቀዳዳ እንዳይደፈን ለሠራተኞችዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። የእኔ ጉዳይ ቢዘገይ ይዘግይ፣ ይሄ ግን አይደር።

ስለ ስፖንጁ ብዙ አልልም። ሳሳ ነው፣ ከታች አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ችፕውድ ላይ ተቀምጦ በአንድ ወር ውስጥ ሥሩ ሻጋታ አበቀለ። ሰው ሲተኛ ላቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ መውጫ ሲያጣ ይጠራቀማል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ክረምቱ ሲገባ ችፕውዱ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል።

በእውነት መናገር ካለብኝ፣ የመስኮቷን ፍሬም የጠገነው ልጅ ሥራው ንጹሕ ነው። አሸዋ ወረቀቱን ሳይሰለች አሽቶ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ነው የቀባው። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ አመሰግናለሁ በሉልኝ። እንደዚያ የሚሠራ ሰው ቤታችሁ ውስጥ እያለ አልጋው እንዲህ መሆኑ ነው ያሳዘነኝ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ 25,000 ብር ቀብድ፣ መጋቢት 20 ቀን ስረከብ ደግሞ 17,000 ብር ከፍያለሁ። ደረሰኝ የተሰጠኝ ለመጀመሪያው ብቻ ነው። የሁለተኛውን እፈልጋለሁ።

የምጠይቀው ይህ ነው። አልጋው ፈርሶ በወረቀቱ ልክ እንደገና ይሠራልኝ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ችፕውዱ ይውጣና ስስ እንጨት ተደራርቦ በሚሠራው ኮምፔርሳቶ ይተካ፤ ከስፖንጁ ሥር አየር እንዲገባ ርብራብ ይሁን። የነቀላችኋት የግድግዳ ጣውላ ትመለስ፣ መሃሉ በመተላለፊያው በኩል የሚታጠፍ እግር ይኑረው። ሞራሌው ይነሳ። የሳጥኖቹ ክዳኖች ማጠፊያ ይግባላቸው። ይህንን መሥራት ካልፈለጋችሁ 42,000 ብሬን መልሱልኝ፣ ሌላ ባለሙያ እፈልጋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከቁጥር 2610 ጀምሮ እንደሚለው፣ ሥራ ተቀባይ የተዋዋለውን ውጤት በራሱ ኃላፊነት ማስገኘት አለበት። እስከ ግንቦት 25 መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከፎቶዎቹ ጋር ይዤ ወደ ከተማው ንግድ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ባንደርስ ደስ ይለኛል። ቀኑን ያጠበብኩት ክረምቱ ሳይገባ አባቴን አርባ ምንጭ ማድረስ ስላለብኝ ነው።

ካራቫኗ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። እኔ ባልኖርም አባቴ አሉ፤ ለመለካት ሰው ስትልኩ ወረቀቱንም ከግድግዳው አውርዶ ይዞት ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር
የካራቫኗ ባለቤት