ብድሩ ለ13 ዓመት ልጅ ምን ይሠራለታል?

ለአዘጋጁ፦

ጅማ ውስጥ በቡድን ሆነው ስለሚደባደቡ ልጆች በተወራ ቁጥር መፍትሔው «ፖሊስ ይጨመር» ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን የበጀቱ ነገር ነው።

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሟል። ደግ አደረገ። ነገር ግን ፈንዱ ብድር ነው፤ ያውም ዕድሜያቸው 18 ለሞላ። ልጅ መንገድ የሚስተው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የ13 ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው ከትምህርት መልስ የሚውልበት ቦታ፣ የሚጫወትበት ኳስና ሲያጠፋ የሚቆጣው ታላቅ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ተግሣጽና ክትትል ያለበት ትምህርት አስቀምጧል። ጥሩ፤ ግን እሱ የሚመጣው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

አሜሪካ በፈረንጆቹ 1974 ባወጣችው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት የወጣት ጥፋትን ለመከላከል ለግዛቶች የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል። የእነሱን ያህል ሀብት የለንም፣ ይገባኛል። ቢሆንም ሂርማታም ሆነ ጂሬን ሰፈር ልጆችን በነፃ ለሚያሠለጥን ሰው ትንሽ ድጎማ መስጠት ከተማውን አያደኸየውም። ብቻ ገንዘቡን አበልና ባነር እንዳይበላው! ማን ስንት እንደወሰደ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ልጆቹም ትምህርት ተዘግቶ ሥራ የሚፈቱት በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ድጎማው ክረምቱ ሳይወጣ ይለቀቅ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ