የእንዶዱ ሽልማት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «እኔ ያልተማርኩ ሴት ምን አውቃለሁ» ያልሽኝ ከውስጤ አልወጣም። እስቲ ስለ አንድ ሽልማት ልጻፍልሽ፤ እህቴ ታነብልሻለች።

በፈረንጆቹ 1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዚያ የሚባለውን፣ ከወንዝ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ሊያጠኑ አድዋ ወረዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ያጥባሉ። ልብ ብለው ሲያዩ፣ ከሴቶቹ ዝቅ ብሎ ያለው ውሃ ላይ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቷል። ሌላ ቦታ እንደዚያ አይደለም። አንዷን ሴት ለምነው፣ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሯት። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

የቢልሃርዚያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ አይራባም። ከታመመ ሰው የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያ ይወጣና ወንዝ የገባን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። መድኃኒት ውጦ የዳነ ልጅ እንኳ ነገ ወንዝ ሲወርድ መልሶ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ትልቅ ነገር የሆነው። አድዋ ላይ ለ5 ዓመት እንዶድ ወንዙ ውስጥ ሲጨመር፣ በትንንሾቹ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

እንዲያም ሆኖ ዓለም ቶሎ አልተቀበለውም። በውጭዎቹ ደረጃ እንደገና ይመርመር እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በ1989 ግን አክሊሉ ለማና አብረዋቸው እንዶድን ያጠኑት ለገሠ ወልደዮሐንስ ከስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። «አማራጭ ኖቤል» የሚሉት ነው።

የዚያ ሽልማት ድርሻ ለአንቺና ለእኩዮችሽም ይገባል እላለሁ። ፍሬውን አድርቀሽ፣ በሙቀጫ ወቅጠሽ፣ በውሃ ስትመቺው አረፋው ከገንዳው ሞልቶ ይፈስ ነበር። የአባዬ ጋቢ ፍክት ብሎ ነበር የሚወጣው። ይህን ከአያቴ ነው የተማርሽው። እውቀት ነው እኮ እማዬ!

ልጆቹ ወንዝ ገብተው እንዳይዋኙ አደራ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ሲለቀም ይበረታል ይላሉ ያጠኑት። አንቺስ መቼ ነበር የምትለቅሚው? የምታደርቂውስ ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ላይ? እሑድ ስደውል አንድ በአንድ ንገሪኝ፤ ደብተር ይዤ ነው የምደውለው።

የምትወድሽ ልጅሽ