ታንከሩ ከመቀበሩ በፊት ነዋሪው ይሰማ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ አቃቂ አካባቢ፣ በቱሉ ዲምቱ ሰፈራችን የነዳጅ ማደያ ግንባታ ተጀምሯል። የነዳጅ ታንከር የሚቀበርበት ጉድጓድ የተቆፈረው ልብስ ከምናሰጣበት አጥር ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲሆን፣ ነዋሪው ጉዳዩን ያወቀው ኤክስካቫተሩ ሲገባ ነው። ማደያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የነዳጅ ሰልፍ ያላንገላታው የከተማችን ሰው የለም።

የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ በኖ በመጥፋት ፈንታ ዝቅ ባለ ቦታ ይተኛል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ በየማለዳው ከሰል የሚያያይዙ እናቶች አሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውሃው ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ከአቃቂና አካባቢው የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳብ በመሆኑ፣ ከዛገ ታንከር ለዓመታት ሳይታይ የሚንጠባጠብ ነዳጅ ጉዳቱ በእኛ ሰፈር ብቻ አይወሰንም፤ አንዴ የተበከለን የከርሰ ምድር ውሃ ማጽዳትም እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይደነግጋል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግም፣ ስለ ማደያ ባይሆንም፣ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች የሚቆፈሩበትን ቦታ የመቆጣጠር ሥልጣን ለአካባቢ መስተዳድሮች አስፍቷል። የእኛም ክፍለ ከተማ ከቤቶች የሚጠበቀውን ርቀት በግልጽ እንዲያሳውቀን፣ የግምገማ ሰነዱን በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፍና ታንከሩ ከመቀበሩ በፊት ነዋሪውን ሰብስቦ እንዲያነጋግር በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች አንዱ