ስለቀለጠው አፈራችን የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለላቦራቶሪ መሣሪያዎች አቅራቢ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጥገና ውሉ ባለመከበሩ የደረሰብንን ጉዳት ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልን።

ኅዳር 30 ቀን ባለሙያችሁ ላቦራቶሪያችን መጥቶ ነበር። የአፈር ናሙናችንን የምናስቀምጥበትን ፍሪዘር ሲከፍተው ውኃ ይንጠባጠባል። ከረጢቶቹን አየና «አፈር ነው እኮ! ከእርሻው ደግማችሁ ታመጡታላችሁ» አለን። ይህን የምጽፈው ልጁን ለመክሰስ አይደለም። ትሁት ልጅ ነው፤ እስኪመሽ ድረስ ሲለፋ ነው የዋለው። ያቺ ቃል ግን እስካሁን ትከነክነኛለች። ድርጅታችሁም የሚያስበው እንደዚያ ከሆነ፣ ለ10 ቀን ለምን እንደጠፋችሁብን ይገባኛል። ስለዚህ አስቀድሜ የቀለጠው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምናጠናው በባቄላ ሥር ዙሪያ የሚኖሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። በቆጂ ዙሪያ 24 የገበሬ ማሳዎች አሉን። በ2015፣ በ2016 እና በ2017፣ መስከረም ላይ ባቄላው ሲያብብ፣ ከእያንዳንዱ ማሳ 3 ተክል ነቅለናል። በቆጂ ብርዱ አይጣል ነው። ሯጮቹ ለልምምድ በሚወጡበት ሰዓት እኛም አካፋችንን ይዘን እንወጣለን። ተክሉን ከነሥሩ አንስተን እናራግፈዋለን። የሚረግፈው ተራ አፈር ነው። ሥሩ ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚቀረው ስስ አፈር ነው የኛ ጉዳይ። እሱን በአልኮል በጸዳ ብሩሽ ጠርገን በከረጢት እናደርጋለን። አንዱ ተክል ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም የማይበልጥ አፈር ይሰጣል። ማንኪያዋ ግን ቀላል አይደለችም፤ በ1 ግራም አፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በቢሊዮን የሚቆጠር ነው።

ባቄላ ሥር ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ። አንዷን በጥፍር ስትሰነጥቋት ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነች ማለት ነው። ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ እዚያ ተቀምጦ ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰደ ለተክሉ ይቀልባል። ገበሬው ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ በማግስቱ ዓመት ገብስ ሲዘራ የሚያምርለት በዚህ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ግን ይህ ሽርክና ይዳከማል። ለዚህ ነው አሲዱን እንዲቀንስ በግንቦት 2016 ከ24ቱ ማሳዎች 12ቱ ኖራ የተደረገባቸው።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። የ2015ቱና የ2016ቱ መስከረም አፈር ኖራ ያልነካው አፈር ነው። ዛሬ በቆጂ ብንሄድ እነዚያን 12 ማሳዎች ኖራ ሳይነካቸው አናገኛቸውም። ደግመን ልናመጣው የማንችለው ለዚህ ነው። የማስተርስ ተማሪያችን ሙሉ ሥራዋ የቆመው ከኖራው በፊትና በኋላ ያለውን አፈር በማነጻጸር ላይ ነው።

«ለምን እስካሁን ዲኤንኤውን አላወጣችሁም?» ትሉ ይሆናል። ተሕዋስያኑን የምንለያቸው በዲኤንኤያቸው ነው። የሦስቱንም ዓመት አፈር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ኪት፣ ማለትም በዲኤንኤ ማውጫ ዕቃ፣ ማውጣት ነበረብን። ያለበለዚያ የምናየው ልዩነት ከኖራው ይምጣ ከአሠራራችን መለየት አይቻልም። ኪቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ለምንዛሪ ከዓመት በላይ ተጠብቆ የገባው ጥቅምት ላይ ነው። አንድ ወር አልቆየም፣ ፍሪዘሩ ወደቀ።

አሁን ወደ ውላችን ልመለስ። የዓመቱን ክፍያ ሐምሌ ላይ ሙሉ በሙሉ ከፍለናል። ውሉ በየ3 ወሩ ጽዳትና ምርመራ ይላል፤ ብልሽት ሲነገራችሁ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ባለሙያ ትልካላችሁ ይላል። በሐምሌ የመጣው ባለሙያችሁ «ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ድምፁ አላማረኝም፤ በሚቀጥለው አየዋለሁ» ብሎ በእጁ ጽፎ ሄዷል። ወረቀቱ አለን። የጥቅምቱ ጉብኝት ቀረ። ሁለት ጊዜ ደውለን አስታውሰናል።

ዓርብ ኅዳር 20 ማታ የፍሪዘሩ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ የሰሙት የጥበቃ ሠራተኛችን ናቸው። ደወሉልኝ። ስደርስ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን የነበረበት ከዜሮ በታች 64 ላይ ነበር። የድንገተኛ ጥሪ ብላችሁ በሰጣችሁን ቁጥር ደወልኩ። «ነገ ጠዋት ሰው ይመጣል» ተባልኩ። ቅዳሜ ጠዋት 41 ሆነ። ደወልኩ፤ «መንገድ ላይ ነው» ተባልኩ። ደረቅ በረዶ ፍለጋ ከተማውን አካለልን፤ ቀኑ ኅዳር ጽዮን ነበር፣ አላገኘንም። እሑድ 9 ሆነ። ሰኞ ከዜሮ በላይ ወጣ።

ከዚያ ሁሉ የከበደኝ የቅዳሜው ከሰዓት ነው። የእንስሳት ሕክምና ባልደረቦቻችን በፍሪዘራቸው ሁለት መሳቢያ ለቀቁልን። ሁለት መሳቢያ ብቻ። ከእባጮቹ ያወጣናቸው 140 የራይዞቢየም ስትሬይኖች (የተለያዩ ዘሮች) በትንንሽ ቱቦዎች፣ ከብርድ በሚጠብቃቸው ግሊሰሪን ውስጥ ነበሩ፤ 216 የአፈር ከረጢቶችም አሉ። ሁሉም አይገባም። ተማሪያችን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች አስገባች። ለአፈሩ ቦታ አልተረፈም። ከረጢቶቹን መልሳ ስትደረድር ቀለሙ የለቀቀውን ጽሑፍ በእስክሪብቶ እየደገመች ትጽፍ ነበር። ተዪው አላልኳትም።

አፈር ሲቀልጥ ከውጭ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ውስጡ ግን ቶሎ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ይነቁና ሌላውን በቁጥር ይውጡታል። የሞቱት ዲኤንኤ ይበጣጠሳል። ከዚያ በኋላ ብንመረምረው የሚነግረን ስለ በቆጂ ማሳ ሳይሆን ስለ ተበላሸ ፍሪዘር ነው። በዚያ ላይ ተመሥርተን ለገበሬው ኖራ ጨምር ወይም ተው ልንለው አንችልም።

ባለሙያችሁ በአሥረኛው ቀን ሲመጣ ከኮንደንሰሩ ማጣሪያ ላይ ያነሳው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የወጣው። ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ተቃጥሏል፤ መለዋወጫው በ8 ሳምንት ይመጣል ብሎናል። በሐምሌ የተጠረጠረው ያው ኮምፕሬሰር ነው። ዕቃ ይበላሻል፣ ያንን አውቃለሁ። የተበደልነው ታውቆ የተተወ ብልሽት ስለሆነ ነው። ደግሞም ቅዳሜ ጠዋት «ሰው የለንም» ብትሉን ኖሮ ሌላ መላ እንፈልግ ነበር። «መንገድ ላይ ነው» ብላችሁ ሁለት ቀናችንን ወሰዳችሁት።

የምንጠይቀው ይህንን ነው። መለዋወጫው እስኪደርስ ተመሳሳይ ፍሪዘር በውሰት ይቅረብልን፤ ማሳያ ክፍላችሁ ውስጥ አንድ እንዳለ ባለሙያችሁ ነግሮናል። የኮምፕሬሰሩና የጥገናው ወጪ በእናንተ ይሸፈን። የዓመቱ የውል ክፍያ ይመለስልን። በመጪው መስከረም በ24ቱም ማሳዎች አዲስ ናሙና ለመሰብሰብ የመኪና፣ የነዳጅና የውሎ አበል ወጪውን ተካፈሉን። የ2015ቱንና የ2016ቱን አይመልስም፤ ተማሪያችን ግን ቢያንስ የኖራውንና ያለ ኖራ ያሉትን ማሳዎች ጎን ለጎን ማነጻጸር ትችላለች። የጥቅምቱ ጉብኝት ለምን እንደቀረና ከኅዳር 20 እስከ 30 ምን እንደተፈጠረም በጽሑፍ አስረዱን። በስልክ የሚሰጥ መልስ አንቀበልም።

መልሳችሁን እስከ ታኅሣሥ 30 እንጠብቃለን። ካልመጣ ጉዳዩን ለዩኒቨርሲቲው ሕግ ክፍል እናስተላልፋለን።

ከ140ዎቹ ስትሬይኖች 131ዱ በፔትሪ ዲሽ ላይ ዳግም አድገዋል። አሁን በሰው ፍሪዘር በእንግድነት ተቀምጠዋል። መሳቢያዎቹን እስከ ጥር 15 እንድንለቅ ተጠይቀናል፤ የውሰቱ ፍሪዘር ከዚያ በፊት መድረስ አለበት።

ከሰላምታ ጋር
የአፈርና የዕፅዋት ማይክሮባዮም ምርምር ቡድን አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲው የግዢ ዳይሬክቶሬት
ለምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት