ሦስት ቀን ሰልጥኜ አማካሪ ሆንኩ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን ስለ ጫትና ስለ ወጣቱ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ "የምክር አገልግሎቱ ይጠናከር" ብላችሁ ባንድ መስመር አለፋችሁት። እኔ ያቺን መስመር ይዤ ነው የምጽፍላችሁ፣ ምክንያቱም ያ የምክር አገልግሎት የምትሉት ነገር እኔ ነኝ። ጅማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፣ ክትባትም እሰጣለሁ፣ ቁስልም አጥባለሁ፣ በዛ ላይ የሱስና የአእምሮ ጤና አማካሪ ተብዬ ተመድቤያለሁ። በምን ትሬኒንግ አትሉኝም? በሦስት ቀን።

ስልጠናው ሆቴል አዳራሽ ነበር፣ ፓወር ፖይንቱ እንግሊዝኛ፣ አሰልጣኙ በአማርኛ ያብራራል፣ እኛ ሻይ እረፍት ላይ በኦሮምኛ እናወራለን። የመጀመሪያው ቀን ምዝገባና መክፈቻ ንግግር በላው፣ ሁለተኛው ቀን ትምህርት ነበር አልክድም፣ ሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ግን የሁላችንም አይን አበል የሚከፍለው ልጅ ላይ ነበር፣ የኔም ጭምር። ሰርተፍኬቴን ይዤ ሰኞ ስራ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ከባለቤታቸው ጋር መጡ። "ሲስተር፣ ይሄን ጫት ልተወው ነው፣ አስተዪኝ" አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ በራሱ ፈልጎ የሚመጣ ሰው እኮ ብርቅ ነው። ጠዋት ስለነበር እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፣ እኔም በልቤ ሃራራ ነው ብዬ አለፍኩት። ስንት ዓመት እንደቃሙ ጠየቅኩ፣ በቀን ስንት ብር እንደሚያወጡ ጠየቅኩ፣ ከዛ "ጎበዝ ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቅጠል እንዳይነኩ፣ ቃል ይግቡልኝ" አልኳቸው። ቃል ገቡ። ችግሩ ቃላቸውን መጠበቃቸው ነው።

በሁለተኛው ቀን ሌሊት በባጃጅ ሆስፒታል ገቡ፣ ሰውነታቸው እየተንዘፈዘፈ ራሳቸውን ስተው። በነጋታው ባለቤታቸው ነግረውኝ ሄጄ ሳያቸው እጃቸው ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያዩ በጣታቸው ያሳዩኛል። ተረኛው ሐኪም የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ "ጨብሲያቸውን ጠይቀሻል?" አልጠየቅኩም። የጅማ ልጅ ሆኜ፣ በርጫ ያለበት ቤት ጎን አድጌ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ሰው ምን እንደሚጠጣ እያወቅኩ አልጠየቅኩም፣ ምክንያቱም በሦስቱ ቀን ፓወር ፖይንት ላይ ጫት አንድ ስላይድ ነው አልኮል ሌላ ስላይድ ነው፣ ሰውየው ግን ሁለቱን ባንድ ቀን ውስጥ ነው የሚኖራቸው። ለካ ለዓመታት በየማታው አረቄ ነበር የሚያስተኛቸው። ጫቱን ሲተዉ ምርቃና የለም፣ ምርቃና ከሌለ ጨብሲ አያስፈልግም፣ እሱም አብሮ ቀረ። ጠዋት ያየሁት መንቀጥቀጥ ደግሞ የጫት ሃራራ አልነበረም፣ ከማታው አረቄ ወዲህ ሰዓት ስለሄደ የመጣ የአልኮል ሃራራ ነው።

ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይከፋዋል፣ ዱካክ ያስጨንቀዋል፣ ከባድ ነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ያልፈዋል። በየቀኑ ለዓመታት ብዙ የጠጣ ሰው ባንዴ ሲያቆም ግን ሌላ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊጥለው ይችላል፣ ከዛም ቀጥሎ የመቃዠቱና የመሳቱ ነገር ሊመጣ ይችላል፣ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ዳያዜፓምና ታያሚን ነው፣ ብርቅ ነገር አይደለም። እኔ ማወቅ የነበረብኝ መድኃኒቱን ሳይሆን ማንን ወደ ሐኪም እንደምልክ ነበር። ጋሼ ተርፈዋል፣ ተመስገን።

ከዛ በኋላ ነው በራሴ ማንበብ የጀመርኩት። ኦዲት (AUDIT) የሚባል ስለ አልኮል አጠጣጥ የሚጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ አለ፣ 10 ጥያቄ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይሄዳል፣ 20 እና ከዛ በላይ ከሆነ ሰውየውን በምክር ብቻ መሸኘት አይገባም። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት። ሁለተኛው ጥያቄ በምትጠጣበት ቀን ስንት መጠጥ ትጠጣለህ ነው የሚለው፣ አንድ መጠጥ ማለት 10 ግራም ንጹህ አልኮል ነው። ሰው ደሞ የሚመልስልህ "ሁለት ብርሌ ጠጅ፣ ከዛ ትንሽ አረቄ" ብሎ ነው። ትንሽ ስንት መለኪያ ነው? የየትኛዋ ሴትዮ አረቄ? የዚሁ የጅማ የመርካቶ ሰፈሯና የቆጪዋ እኮ አንድ አይነት አይከብድም። ይሄን መለኪያ ወደ ግራም የሚያመጣልኝ ሰው ስልጠናው ላይ አልነበረም፣ መጠይቁን ወደ ኦሮምኛ ያዞርኩትም ራሴ ነኝ፣ በእስክሪብቶ፣ ትክክል ይሁን አይሁን ያየልኝ የለም።

ሌላው ቃሉ ራሱ ነው። አማካሪ ስትባል ሰው ምክር ነው የሚጠብቅብህ፣ አንተም ትመክራለህ። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ፣ የኛ ካሪኩለም እሱ ነው በቃ። ስልጠናው ላይ ሮል ፕሌይ ሰርተን ነበር፣ ጓደኛዬ ክላየንት ሆና "ባሌ ሳይቀር ትቶኛል" ስትለኝ እኔ ገና ሳትጨርስ "አይዞሽ፣ ጸልዪ፣ ቡና ቀንሺ፣ ጓደኛ ቀይሪ" አልኳት፣ አራት ምክር በሁለት ደቂቃ ውስጥ። ሁሉም ሳቀ፣ አሰልጣኙም ሳቀ፣ ሰዓት የለም ተባለና ወደሚቀጥለው ስላይድ ሄድን። እንግዲህ ዋናው ትምህርት እዛች ጋ ነበር። ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚሉት ዘዴ ሰውየው የሚተውበትን ምክንያት ከራሱ አፍ እንዲያወጣው መጠየቅና ማዳመጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ የጻፈው ዊሊያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነው። ይሄው ሰውዬ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጥናት አለ፣ 140 የሱስ ህክምና ባለሙያዎችን ወስደው አሰለጠኑ፣ ወርክሾፕ ብቻ የወሰዱት ያገኙትን ችሎታ በወራት ውስጥ እየለቀቁት ሄዱ፣ ከወርክሾፑ በኋላ የስራቸው ቅጂ እየተሰማ አስተያየት የተሰጣቸውና በስልክ የታገዙት ናቸው ይዘውት የቆዩት። ዘዴውን የፈጠረው ሰው ራሱ ወርክሾፕ ብቻውን አይበቃም እያለ እኛ ጋ ወርክሾፑ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ተጨማሪ ወርክሾፕ አልጠይቅም፣ በእግዜር ይሁንባችሁ። ኮሎምቦ ፕላን የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የሱስ ባለሙያ ማሰልጠኛ መጀመሪያ ሲወጣ መሰረታዊዎቹ ብቻ 8 ኮርስ ነበሩ፣ ስነ ምግባርና ሚስጥር መጠበቅ ለብቻው አንድ ኮርስ ነው፣ ቀውስ ውስጥ ያለን ሰው መያዝ ለብቻው አንድ ነው። ያን ሁሉ ዛሬ አምጡ አልልም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግን እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው ያለው፣ ሳይካትሪም ሳይኮሎጂም አለው፣ ተማሪዎቹን በየቀበሌው አውርዶ ማህበረሰቡ ውስጥ ማስተማር ከድሮ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅበት ነገር ነው። በአስራ አምስት ቀን አንድ ከሰዓት አንድ የሳይካትሪ ባለሙያ ጤና ጣቢያ መጥቶ እኔ ያየኋቸውን ኬዞች ስም ሳልጠራ ቢሰማኝና "እዚህ ጋ ጨብሲውን አልጠየቅሽም" ቢለኝ ይበቃኛል። ሆቴል አይከራይም፣ አበል የለውም፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል የማይደረገው።

ሰልጣኝ ሲመረጥም እባካችሁ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ይመረጥ። ባለፈው አንድ ስልጠና ላይ ታካሚ ካየ ስንት ዓመቱ የሆነ ኃላፊ ሄዶ ማኑዋሉን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ፣ "አንብቢው" ብሎ። ክፍል ስል ደሞ ክፍል እንዳይመስላችሁ፣ የኔ ጥግ በመጋረጃ ነው የተለየችው፣ ካርድ ክፍል ስም በጩኸት ይጠራል፣ ጅማ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆንክ ሁሉም ያውቃል። አንድ የፈረንጅ አራዳ ሰፈር ልጅ ተራ እየጠበቀ የአክስቱን ጎረቤት አይቶ ተነስቶ ሄደ፣ አልተመለሰም።

ጋሼ ግን ይመጣሉ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከገበያ መልስ። ጫቱን አልተዉትም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀንሰዋል፣ አረቄውን ግን በሐኪም ክትትል ካቆሙ ወራት ሆኗቸዋል። ባለፈው ሐሙስ "ሲስተር፣ ዛሬ ደሞ ምንም አትመክሪኝም?" አሉኝ። "እርስዎ ይንገሩኝ ጋሼ፣ ሳምንቱ እንዴት ነበር?" አልኳቸው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩ፣ አንድም ጊዜ አላቋረጥኳቸውም። ትክክል ሰርቼ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው ግን አሁንም የለኝም።

ስሜን አታውጡት፣ መስሪያ ቤቴንም እንደዛው።

አንዲት ነርስ፣ ከጅማ