ድጋፉ ከነሐሴ ምዝገባ ጋር ይጀምር፤ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ሠልጥነን በከተማዋ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር መምህራን ነን። አዲስ ሕግ ይውጣልን አንልም። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ከጸደቀ ቆይቷል፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት የሚለውም ግልጽ ነው። የምንጠይቀው የጊዜ ለውጥ ነው። አካል ጉዳተኛው ልጅ ነሐሴ ላይ ይመዘገባል፤ የብሬል (በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ) ወረቀቱ፣ መቀመጫውና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የሚታሰቡት ግን ጥቅምት ላይ፣ አንዳንዴም የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሲቃረብ ነው። በመሀል የባከኑት ሳምንታት የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል የሚለይባቸው ናቸው።

መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የጉዳት ዓይነት» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ካለ ወላጅ ባዶውን ይተወዋል። ሁልጊዜ ከሐፍረት አይደለም፤ ልጃቸው በአንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚያይ የማያውቁ አሉ። ስለዚህ መዝጋቢው የጉዳቱን ስም ትቶ ልጁ ምን እንደሚያቅተው ይጠይቅ፦ ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራሱን ለመንከባከብ፣ ከሰው ለመግባባት ይቸገራል? መልሱም አዎ ወይም አይደለም ብቻ አይሁን፤ ምንም አይቸገርም፣ ትንሽ ይቸገራል፣ በጣም ይቸገራል፣ ጨርሶ አይችልም የሚሉ አራት ደረጃዎች ይኑሩት። ይህ የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ቡድን ያዘጋጀው፣ የዋሽንግተን ግሩፕ መጠይቅ የሚባለው ነው፤ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። «በጣም» ወይም «ጨርሶ» የተባለለት ልጅ ስም በዚያው ሳምንት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በጋራ ለሚጠቀሙበት የጉድኝት ማዕከል ይድረስ።

የዓይን ፍተሻውም እዚያው በረንዳ ላይ ይቻላል። የሚፈልገው 6 ሜትር የተለካ ገመድና የእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞሮ የታተመበት ሰሌዳ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅም የፊደሉ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። አንዱን ዓይን በመዳፍ ይሸፍን፤ በጣት ከተጫነው ያ ዓይን ተራው ሲደርስ ይደበዝዛል። ፍተሻውን የሚያበላሸው ግን ሌላ ነው፤ ሰልፍ ላይ ያሉት ልጆች የፊተኛውን መልስ ይሸመድዳሉ። ሰሌዳውን ለየልጁ አዙሮ መስቀል መፍትሔው ነው። በአንደኛው ዓይኑ እንኳ የ6/12ን መስመር (ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን) ያልለየ ልጅ ወደ ጤና ተቋም ይላክ።

ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ቀድሞ የሚጎድለው ፐርኪንስ የሚባለው የብሬል መጻፊያ ማሽን ሳይሆን ወረቀት ነው። የደብተር ወረቀት ስስ ስለሆነ ነጥቡ የሚወጋበት ስታይለስ ይበሳዋል፤ ያልተበሳው ነጥብም ጥቂት ጊዜ በጣት ከተነበበ ይተኛል። በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት መገዛት አለበት። ብዛቱን የሚያሰሉ የግዥ ባለሙያዎች አንድ ነገር ይስታሉ፦ በአማርኛ ብሬል ፊደሉ ተነባቢና አናባቢ ተብሎ ይከፈላል። «ሰላም» በዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ በብሬል ግን «ሰ» ሁለት፣ «ላ» ሁለት፣ «ም» አንድ፣ በድምሩ አምስት ቦታ ይይዛል። አንድ ገጽ ማስታወሻ ሁለትና ሦስት ገጽ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ለዓይናማው ልጅ በተሰላው ደብተር መጠን የተገዛ ወረቀት ገና መንፈቁ ሳይጋመስ ያልቃል።

ስሌት በሚባለው የብሬል የእጅ መጻፊያ ሰሌዳ ላይ ደግሞ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ነጥቦቹ ተገልብጠው ነው፤ የሚነበበው ወረቀቱ ዞሮ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ይህን ለብቻው ሳይለማመድ ብዙ ተማሪ ወዳለበት ክፍል የገባ ልጅ መጻፍና ማንበብ ይምታታበታል። በመጀመሪያው መንፈቅ ቢያንስ በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ በድጋፍ መስጫ ማዕከሉ ይመደብለት።

ፐርኪንሱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሳይሸፈን ከርሞ አቧራ ሲጠጣ ቁልፎቹ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ «ተበላሽቷል» ተብሎ ንብረት ክፍል ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጽዳት ነው። የብሬል መጽሐፎቹም እንደ ጤፍ ጆንያ አይደራረቡ፤ የታችኛው ይጨፈለቃል። በጣና ዳርቻ ክረምት ወረቀት እርጥበት ሲስብ ነጥቡ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ከግድግዳ በራቀ መደርደሪያ ላይ ቆመው ይቀመጡ።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሁለት ሳምንት ሥልጠና የወሰደን መምህር አስተርጓሚ ብሎ መመደብ ይቅር። በአጭር ሥልጠና የሚያዘው የጣት ፊደል ነው፦ ተነባቢው በእጅ ቅርጽ፣ ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ይህ ስም ለመጻፍ ይበጃል እንጂ ብርሃን አስተጻምሮን አያስረዳም፤ ለዚያ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አስተርጓሚው ሰሌዳው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ይቁም፤ መስኮቱ ከኋላው ከሆነ ተማሪው የሚያየው ጥላ ነው። መምህሩም እየጻፈ አይናገር፤ ልጁ ያለው ሁለት ዓይን ነው፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚያዩት። በከፊል ለሚሰሙት፣ ሰኔና መስከረም ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የቀረው መስማትም ይጠፋል፤ ኮርኒስ የሚሠራ ከሆነ ከእነሱ ክፍል ይጀመር።

ስለ ራምፕ (ለተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሠራ ተዳፋት መግቢያ) የሕንጻ ሕጉ ዝም አላለም፤ የሚጎድለው ሲሠራ የሜትር ልኩ ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አላቸው፤ በ1 ለ12 ስሌት (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ይጠይቃሉ። በተረፈ ሲሚንቶ የተሠራ የሁለት ሜትር ቁልቁለት ተሽከርካሪ ወንበርን ወደ ኋላ ይገለብጣል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ውስጡ ወንበሩ የሚዞርበት ሜትር ተኩል ይኑረው። ፎቅ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ የልጁን ክፍል ወደ ምድር ማውረድ ሳንቲም አያስወጣም። ነሐሴ ላይ የአንድ መስመር ውሳኔ ነው፤ ኅዳር ላይ ግን ሁለት ክፍል ማፈናቀል ይሆናል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የግል ትምህርት ዕቅድ ይጻፋል፤ ግን «ገንዘብ ያውቃል» የሚል ግብ መለካት አይቻልም። «የ10 እና የ50 ብር ኖት ለይቶ ያወጣል» ይባል።

ማየት ለተሳነው ተማሪ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚያነብለት ሰውም ትምህርቱን የሚያውቅ ይሁን። «ሁለት ኤክስ ስኩዌር» ብሎ ያለፈ አንባቢ፣ ስኩዌሩ የኤክሱ ብቻ ይሁን የሁለቱም ተማሪው በምን ይለያል?

ስለዚህ መምሪያው ሦስት ነገር እንዲወስንልን እንጠይቃለን። የስድስቱ ጥያቄዎች ቅጽ ከሐምሌ መጨረሻ በፊት ለየትምህርት ቤቱ ይሰራጭ። የብሬል ወረቀት ግዥ ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር በአንድ ጊዜ ይፈጸም። የድጋፍ መምህር የሳምንት ጭነት ከ10 መደበኛ ክፍለ ጊዜ እንዳይበልጥና በዘጌ፣ በመሸንቲና በጢስ ዓባይ ላሉት ልጆች ተጓዥ መምህር ከነመጓጓዣው እንዲመደብ በጽሑፍ ይታወቅ፤ የመምህር እጥረት በተፈጠረ ቁጥር መጀመሪያ ወደ መደበኛ ክፍል የሚሳበው የድጋፍ መምህሩ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት መምህራን፣ ባሕር ዳር