ወጥቶ ለመብላት ኪስ ሲሳሳ

ውድ አባላት፣

ወሩ ሲጋመስ ብዙዎቻችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወጥቶ መብላት እንደምትተዉ አውቃለሁ። መቅረት የለባችሁም። ከሁሉ በፊት እራቱን ወደ ምሳ ቀይሩት፤ ብዙ ምግብ ቤቶች ያንኑ ምግብ በምሳ ሰዓት በቅናሽ ያቀርባሉ። ሂሳቡን የሚያንረው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጠጡ ነው። ለስላሳ ላይ የሚጨመረው ትርፍ ከምግቡ ይበልጣል፤ ስለዚህ ውሃ ይበቃል። ትልቅ ሳህን ከሆነ ለሁለት ተካፈሉ። የተማሪ መታወቂያ ይዛችሁ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ፣ በፍጹም አያሳፍርም! ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ መካተቱንም ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ። የተረፈውን አስጠቅልሉ፤ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ግን ማቀዝቀዣ ይግባ። ከመካከላችሁ ገንዘብ ያጠረው ካለ፣ ምግብ ቤቱን እሱ ይምረጥ።